ቀሪው ሥራ የእርስዎ ነው

ባሕር ዳር ላይ ጆሮውን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ ሐሙሲት ላይ ከጎንደሩ አውራ ጎዳና ታጥፎ ወደ ደራዋ ከተማ አንበሳሜ የሚመለስ ሰው ደስታው ከሩቅ ያስታውቃል። ለዓመታት ሲመግል የኖረው ጆሮ ደርቋል። ሰው ይሸተዋል ብሎ በጥጥ ሲደፍነው የኖረ ሰው አሁን ለቅሶ ቤት ትከሻ ለትከሻ ሳይሳቀቅ ይቀመጣል። ሌላው ደግሞ ሌሊት ጭው ሲልበት የኖረው ጩኸት ቀለል ብሎለት እንቅልፍ አግኝቷል። ቤት ሲደርስ ቡና ይፈላል፣ ጠያቂ ይጎርፋል፣ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ይባላል።

በሁለተኛው ሳምንት አልጋው ላይ ገልበጥ ሲል ጣሪያው አብሮት ይዞራል። ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጎነበስ ግድግዳ ይይዛል። ግቢው ውስጥ «አባዬ!» ብሎ ልጁ ሲጠራው በድንገት ዞር ይልና እግሩ ይከዳዋል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ ደስታ በአንድ ቀን ይፈስና «ምኑን አከሙኝ? ጭራሽ አበላሹኝ» ይጀምራል።

የዛሬው ጽሑፍ ለዚህ ሰው ነው። ወዳጄ፣ አይደንግጡ! የመጀመሪያው እፎይታ የሐኪሙ እጅ ሥራ ነበር። አሁን የመጣው ማዞር ብዙ ጊዜ ሕክምናው ከሸፈ ማለት አይደለም፤ የእርስዎ ተራ ደረሰ ማለት ነው። ይህን ሥራ ደግሞ ዕድሜም፣ ትምህርትም፣ ገንዘብም ሳይለይ ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል።

ነገሩ እንዲገባን ወደ ጆሮ ውስጥ እንግባ። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ተያይዘው ተቀምጠዋል። የመጨረሻዋ በቅርጿ እርካብ ትመስላለች፤ ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሰው አጥንት ሁሉ ትንሿም እሷ ናት። እርካቧ ከምትነካው መስኮት ማዶ ውስጠኛው ጆሮ ይጀምራል። እዚያ ቀንድ አውጣ የመሰለው የመስሚያ ክፍል አለ፤ ከእሱ ጎን ደግሞ ስለ መስማት ምንም የማያውቁ፣ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ራስዎን ሲያዞሩ በቱቦው ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወደ ኋላ ይቀርና «ወደ ቀኝ እየዞርን ነው» የሚል መልእክት ወደ አንጎል ይሄዳል። ቀጥ ብለው እንዲሄዱ፣ ሲራመዱም የሚያዩት ነገር እንዳይንቀጠቀጥብዎ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። መስሚያውና ሚዛኑ እንዲህ አንድ ጓዳ ስለሚጋሩ፣ አንዱን ሊጠግን የገባ ቀዶ ሐኪም ሌላውን ጥቂት ሊረብሸው ይችላል።

በእኛ አካባቢ አብዛኛውን ሰው ወደ አንገት በላይ ሐኪም የሚወስደው የሚመግል ጆሮ ነው። በልጅነት የጀመረ፣ «ሲያድግ ይተወዋል» ተብሎ የታለፈ መግል። አንዳንዴ ውስጡ ኮሌስቲያቶማ የሚባል፣ ካንሰር ያልሆነ ነገር ግን አጥንት እየበላ የሚሄድ የቆዳ እድገት ይፈጠራል። ይህ ነገር የሚዛኑን ቱቦ አጥንት ሲሸረሽረው ሰውየው ጆሮውን በጣቱ ሲጫን ብቻ ሊያዞረው ይችላል። ቀዶ ሕክምናው በሽታውን ጠርጎ ያወጣል፤ መግሉና ሽታው ይቆማል። ቀድሞ የሚመጣው እፎይታ ይህ ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ቀዶ ሕክምና እርካቧ ደርቃ አልነቃነቅ ስትል የሚደረገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ጆን ሼይ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም የደረቀችውን እርካብ አውጥተው በሰው ሠራሽ ከተኩ ወዲህ ዓለም ላይ ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ሰምቷል። የዚህ ታካሚ ነገር በጣም ያስገርማል፤ ጆሮው ብቻ ደንዝዞ ከተሠራለት እዚያው የቀዶ ጠረጴዛ ላይ እያለ የሐኪሙን ድምፅ ጥርት ብሎ ሊሰማ ይችላል። ከዚያ ጆሮው ሲታሸግና ሲያብጥ መስማቱ ተመልሶ ይደፈናል። «ሰጥተው ነጠቁኝ» ብሎ የሚያለቅስ አለ። አልነጠቁትም! እሽጉ ሲወጣ፣ እብጠቱ ሲወርድ፣ በሳምንታት ውስጥ ድምፁ ይመለሳል።

ሦስተኛው ለማመን ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ሎይድ ማይነር እና ባልደረቦቻቸው አንድ በሽታ ገለጹ፤ ከሦስቱ ቱቦዎች የላይኛው ጣሪያው ሳስቶ ይቀደድና ጆሮ ሊኖረው የማይገባ ሌላ መስኮት ይፈጠራል። እነዚህ ሰዎች የገዛ ልባቸውን ምት፣ የእግራቸውን ኮቴ፣ አንዳንዶቹም የዓይናቸውን መንቀሳቀስ ሳይቀር ይሰማሉ! ኃይለኛ ድምፅ ደግሞ ያዞራቸዋል። ነሐሴ 13 በደብረ ታቦር ጅራፍ ሲጮህ ሌላው ልቡ ይሞቃል፤ የዚህ ሰው ዓይን ግን ከጅራፉ ጋር ይዘላል። ቀዳዳው ሲደፈን በሰውነት ውስጥ የሚያስተጋባው ድምፅ ብዙ ጊዜ በቶሎ ጸጥ ይላል። ሚዛኑ ግን ይዘገያል።

ሦስቱም ጋ የምናየው ያው ነው። የሚሰማና የሚፈስ ነገር ቶሎ ይታረማል፤ ሚዛን ግን ጊዜና ልምምድ ይጠይቃል። ለምን?

ለደራ ገበሬ ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። ቀኝና ግራ ጆሮ ለሚዛን እንደ ተጠመዱ ሁለት በሬዎች ናቸው። አንደኛው ከሕመም ተነሥቶ ሲዝል፣ ሌላው በጤናው ልክ ሲጎትት፣ ትልሙ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል። ጎበዝ አራሽ ግን በሬዎቹን ፈትቶ አይቀመጥም፤ እርፉን እያዘነበለ፣ ጥቂት ትልም ካበላሸ በኋላ መስመሩን ያገኛል። አንጎልም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የታከመው ጆሮ መልእክቱ ሲደክም ጤነኛው ብቻውን ይጮሃል፤ አንጎል ይህን ልዩነት «እየዞርን ነው» ብሎ ይወስደዋል። እየዋለ እያደረ ግን ልዩነቱን ለምዶ ያካክሰዋል። በሬዎቹ በረት ታስረው ሳለ ግን እርፍ የሚያስተካክል አራሽ የለም፤ እርስዎም ማዞሩን ፈርተው አንገትዎን አድርቀው ከተኙ አንጎልዎ የሚማርበት ነገር አያገኝም።

ይህን ነገር አጥብቀው ካዩት መካከል ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አብረው የሠሩት የጆሮ ቀዶ ሐኪሙ ቴሬንስ ካውቶርን እና ባልደረባቸው ፍራንክ ኩክሲ ይገኙበታል። ከጆሮ ቀዶ ሕክምናና ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ማዞር ከያዛቸው ታካሚዎች መካከል ራሳቸውን የሚያንቀሳቅሱት ተኝተው ከሚጠብቁት ቀድመው ሲድኑ አስተዋሉ። ከዚያም ቀላል እንቅስቃሴዎችን በተራ አስቀመጡ፤ መጀመሪያ ተኝቶ ዓይንን ማንቀሳቀስ፣ ቀጥሎ ራስን፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ፣ ቆሞ፣ በመጨረሻም እየተራመዱና ኳስ ከእጅ ወደ እጅ እየወረወሩ። የዛሬ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች የሚያዝዙት የሚዛን ልምምድ ከዚያው የተወለደ ነው። ማሽን አይፈልግም፣ መብራትም አይፈልግም። መብራት ለሚጠፋበት አገር እንዲህ ያለ ሕክምና ምንኛ በረከት ነው!

አንዱን እነሆ። ሐኪምዎ «አሁን ጀምር» ካለዎት በኋላ ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። አውራ ጣትዎን በክንድዎ ርዝመት ከፊትዎ ያቁሙ። ዓይንዎ ጥፍሩ ላይ ይተከል። አሁን ራስዎን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ያመላልሱ፤ ዓይንዎ ግን ከጥፍሩ አይነሣ። ጥፍሩ መደብዘዝና መንቀጥቀጥ ሲጀምር ፍጥነትዎ አንጎልዎ ከሚችለው ወሰን ላይ ደርሷል። እዚያው ወሰን ላይ ጥርት ብሎ እንዲታይዎ ትንሽ ቀነስ አድርገው አንድ ደቂቃ ያህል ይቀጥሉ። በቀን ደጋግመው ይሥሩት። በየሳምንቱ ጥፍሩ ሳይደበዝዝብዎ የሚችሉት ፍጥነት ሲጨምር ያዩታል፤ የመዳንዎን መለኪያ በገዛ እጅዎ ይዘው መዞር ማለት ይህ ነው። ልምምዱ ትንሽ ያዞርዎታል፤ ማዞርም አለበት። ጥቂት ደቂቃ አርፈው ከተወዎት መጠኑ ልክ ነው። ቀኑን ሙሉ አጥወልውሎ ካስተኛዎት ግን ከልክ አልፏል፤ በማግስቱ ይቀንሱት።

ቀጥሎ መራመድ ነው። ለዚህ የደቡብ ጎንደር ምድር ወደር የለውም፤ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ ድንጋዩ፣ የማሳው ድንበር ሁሉ አሠልጣኝ ነው። ከሜዳው ይጀምሩ፣ ሰው አብሮዎ ይሁን፣ ምርኩዝ መያዝም አያሳፍርም። ሚዛን በሦስት ነገር እንደሚቆም ግን አይርሱ፤ በጆሮ፣ በዓይን እና እግር መሬቱን ሲረግጥ በሚያገኘው ስሜት። ጨለማ ዓይንን ይወስድብዎታል። ስለዚህ ሌሊት ወደ ደጅ ሲወጡ የስልክዎን መብራት ያብሩ። ፊትዎን ሲታጠቡ ተቀምጠው ይታጠቡ። ቤተ ክርስቲያን ጫማ አውልቀው ሲገቡ ባዶ እግርዎ በጠንካራው ወለል ላይ ከጫማ ይልቅ ብዙ ነገር ይነግርዎታል፤ ወፍራሙ ምንጣፍ ላይ ሲደርሱ ግን እግርዎ ይደናገራል፤ ግድግዳ አጠገብ ይቁሙ። ስግደት የሚወዱ ሰው ከሆኑ መቼ እንደሚፈቀድልዎ ሐኪሙን ሳይፈሩ ይጠይቁ።

ስለ ቤተ ክርስቲያን ካነሣን አይቀር፣ ፎገራና ደብረ ታቦር በዚህ ጉዳይ የሚኮሩበት ነገር አላቸው። በቀልዳቸው የምናውቃቸው አለቃ ገብረ ሐና የፎገራው ናበጋ ጊዮርጊስ ሰው ናቸው። የተክሌ አቋቋም የሚባለውን ስልት እሳቸው እንደ ጀመሩት፣ ለልጃቸው ለተክሌ እንዳስተማሩት፣ ደብረ ታቦር ላይም ሥር እንደ ሰደደ ይነገራል። የጣና ዳር ደንገል ሲወዛወዝ አይተው ነው የሚሉም አሉ። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያዘነብሉ፣ ክብደታቸው ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲሻገር ያየ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሥራውን ያውቀዋል፤ ታካሚዎቹን የሚያለማምደው ይህንኑ ነው። ማሕሌት የሚቆሙ ደብተራ ከሆኑ እንግዲህ ግማሹን ሥልጠና ከልጅነት ጨርሰውታል! በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን ከበሮው የታከመው ጆሮዎ ሥር እንዳይመታ ራቅ ብለው ይቁሙ።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር። የማዞር መድኃኒት ወዳጅ መስሎ ይቀርባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ትውከትና ከባድ ማዞር ሲኖር፣ ሐኪሙ ያዘዘው ፕሮሜታዚን ወይም ሌላ መድኃኒት በእርግጥ ይረዳል። ነገር ግን ይህ ዓይነት መድኃኒት አንጎልን ያደነዝዛል፤ የደነዘዘ አንጎል ደግሞ ቶሎ አይማርም። ሳምንታት ካለፉ በኋላም ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ እየገዙ መዋጥ የማካካሱን ጊዜ ያረዝማል። ለአንድ ቀን ምቾት ብለው አንድ ወር አይሽጡ።

ጊዜውስ ስንት ነው? እንደ ቀዶ ሕክምናው ዓይነት ይለያያል። በደምሳሳው ከባዱ ማዞር በቀናት ውስጥ ይሰክናል፤ ዋናው ማካካስ ከስድስት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ውስጥ ይከናወናል፤ ረቂቁ ነገር፣ በጨለማ መሄድ፣ ሰው በሚተራመስበት ገበያ መሐል ማለፍ፣ በድንገት መዞር፣ እስከ አንድ ዓመትም ሊሻሻል ይችላል። መንገዱ ቀጥ ያለ አይደለም። እንቅልፍ ያጡ ዕለት፣ ጉንፋን የያዝዎ ዕለት፣ የተጣሉ ዕለት ማዞሩ ብቅ ይላል። ድካሙም አይግረምዎ፤ ቀድሞ ሳያስቡት ይሠራ የነበረውን ሚዛን አሁን አንጎልዎ እያሰበ ነው የሚሠራው፤ ከቀትር በኋላ ጋደም ማለት ስንፍና አይደለም። ምላስዎ በአንድ በኩል ሽሮውን ብረት ብረት ቢያሰኘውም አይደንግጡ፤ የጣዕም ነርቭ በመሐል ጆሮ ውስጥ ስለሚያልፍ ሊነካ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይመለሳል።

እየተለማመዱ የሚጠብቁት ነገርም አለ። ውኃ ዋናው ነው። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ጆሮው ውስጥ አይግባ፤ ሲታጠቡ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ይድፈኑበት። ጠበል ለሚጠመቁ፣ ከአንገት በታች እንዲሆንልዎ ለአጥማቂው አባት ቀድመው ይንገሩ፤ ጥምቀት ላይም ከሚረጨው ውኃ ጆሮዎን ይሸፍኑ። የሞቀ ዘይት፣ የቅጠል ጭማቂ፣ የክብሪት እንጨት፣ ከጎረቤት የተላከ ምክር፣ አንዱም ጆሮው ውስጥ አይግባ! አፍንጫዎን በኃይል አይናፈጡ፤ ማስነጠስ ሲመጣ አፍዎን ከፍተው ያስነጥሱ። ጀሪካንና ኩንታል ለሌላ ሰው ይተዉ። ቁልቁለቱንም ያስቡት፤ ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ባሕር ዳር 1800 ገደማ ላይ። በመኪና ሲወርዱ ጆሮ የሚደፈነው በአየር ግፊቱ ለውጥ ነው፤ ምራቅዎን ይዋጡ፣ ቆሎ ይቆርጥሙ፤ አፍንጫን ይዞ መንፋት ግን አሁን አይሆንም።

ስለ ቅዝቃዜ አንድ ታሪክ ልጨምር። የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ የታካሚዎቹን ጆሮ ሲያጥብ «አዞረኝ» ይሉት ነበር። እሱ ግን ስሞታውን ንቆ አላለፈም፤ ውኃው ሲቀዘቅዝ ዓይናቸው ወደ አንድ ጎን፣ ሲሞቅ ወደ ተቃራኒው ሲዋልል አየ፤ ከዚያም የሚዛን ጆሮን መመርመሪያ ዘዴ አወጣ። እ.ኤ.አ. የ1914 የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በዚህ ዘርፍ ሥራው ሲሆን፣ ዜናው የደረሰው በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ሆኖ ሳለ ነበር። እናም ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ የታከመ ጆሮዎን ሲመታው ቢያዞርዎ ጋኔን አይደለም፤ በተለይ አጥንቱ ተጠርጎ ሰፊ ክፍት ቦታ የቀረለት ጆሮ ቅዝቃዜ ቶሎ ይሰማዋል። ጋቢዎን ከፍ አድርገው ጆሮዎን ይከናነቡ፤ አበቃ።

በጽናት ማለፍ የሌለብዎት ምልክትም አለ። መስማትዎ በድንገት ከጠፋ፣ ተሽሎዎት የነበረው ከባድ ማዞር ከትውከት ጋር ከተመለሰ፣ ትኩሳት ከያዝዎት፣ አንገትዎ ከደረቀ፣ ፊትዎ ከተጣመመ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከወረደ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ቀን በቅርብ ወዳለ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ ሪፈር አጽፈው ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር ይጓዙ።

ለቤተሰብ የምለው ጥቂት ነው። ታማሚው ቆሞ ይታያል፣ ፋሻው ተፈትቷል፣ ቁስሉ ሽሯል፤ ስለዚህ «አሁንማ ድኖ ነው የሚለግመው» ማለት ይቀናል። ማዞር ከውጭ አይታይም። አብራችሁት ተራመዱ፤ በታከመው ጆሮው በኩል ሆናችሁ አትጥሩት፤ ከፊቱ ሆናችሁ፣ አፋችሁን እያሳያችሁ አናግሩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ሕክምና ወይም ተሐድሶ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር ያለበት ሰው ከ430 ሚሊዮን በላይ ነው፤ እናንተ ቤት ውስጥ ያለው አንዱ ነው፤ ዕድለኛ ነው፣ ታክሟል።

ጆሮው ደርቋል፣ ማዞሩም ትቶኛል ብለው ቀጠሮ አይቅሩ። ኮሌስቲያቶማ ከዓመታት በኋላም ሳያሳምም ሊመለስ ይችላል፤ የሚያየው በመሣሪያ የሚያይ ሐኪም ብቻ ነው። የመስማት ምርመራውም ትርጉም የሚኖረው እብጠቱ ወርዶ፣ ሳምንታት አልፈው ሲደገም ነው። ደብተር ይያዙ፤ መቼ እንዳዞርዎት፣ ምን እያደረጉ እንደ ነበር፣ ለስንት ጊዜ እንደ ቆየ ይጻፉበት፤ መጻፍ ካልቻሉ ተማሪ ልጅዎ ይጻፍልዎ። «ከመቼ ጀምሬ ማረስ እችላለሁ? ከመቼ ጀምሬ እሸከማለሁ?» የሚለውን ጥያቄ ግን ከሁሉ በላይ ያስፍሩት፤ መልሱ እንደ ቀዶ ሕክምናው ይለያያልና በጎረቤት ጆሮ አይቁጠሩ።